መንገደኛው ዝናብ

ሒሳቡ ጥሎኝ ቢሆን ኖሮ ሳላፍር አወራው ነበር። ሒሳብ የጣለው ሰው ያሳዝናል፤ ቡና የሚጋብዘውም አያጣም። እኔን ያንገዳገደኝ ግን እንግሊዝኛው ነው፤ ያውም ተማሪ ሳለሁ በክፍላችን ከእኔ ሌላ የሚችለው ያለ የማይመስለኝ እንግሊዝኛ።

ጂማት የቢዝነስ ማስተርስ ለመማር የሚያመለክቱ ሰዎች የሚቀመጡበት ፈተና ነው። በቋንቋው ክፍል 36 ጥያቄ በ65 ደቂቃ ይሠራ በነበረበት ዘመን፣ ከጥያቄዎቹ መካከል «ሰንተንስ ኮሬክሽን» የሚባሉ ነበሩ። አንድ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ይቀርባል፤ ከፊሉ ይሰመርበታል፤ ከሥሩ አምስት ምርጫ ይደረደራል። የመጀመሪያው ምርጫ ምንጊዜም የተሰመረበትን ሳይነካ እንዳለ ይደግመዋል፤ «ደህና ነው፣ ተዉት» እንደ ማለት። የእኔ ምርጫ እሱ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ሳነበው ይገባኛል፤ ከገባኝ ዘንዳ ምን ጎደለው? ሰው ለፍቶ የጻፈውን እኔ ከየት መጥቼ አፈርሳለሁ? የልምምድ ፈተናው ይህን ደግነቴን በነጥብ አልቆጠረልኝም።

ጉዴ የፈላው ሞዲፋየር ላይ ነው። ሕጉ ለልጅ የሚነገር ነው፦ ዓረፍተ ነገር በገላጭ ሐረግ ከጀመረ፣ ከኮማው ቀጥሎ የሚመጣው ስም የዚያ ድርጊት ባለቤት መሆን አለበት። «መንገድ እየሄድኩ ዝናብ መታኝ» ለማለት «ዎኪንግ» ብላችሁ ጀምራችሁ፣ ኮማ አድርጋችሁ ዝናቡን ካስከተላችሁ፣ መንገደኛው ዝናቡ ሆነ። እኔ ደግሞ ዝናብ እግር እንደሌለው አንባቢ ያውቃል ባይ ነኝ። ሥራውን ለአንባቢ መተው የቆየ ጠባዬ ነው፤ ቤት ውስጥም «ያው ገብቷችኋል» ብዬ ነው ወሬ የምጀምረው።

ሰበብ ስፈልግ አማርኛን አገኘሁ። የሚያናድደው ደግሞ ሰበቡ እውነት መሆኑ ነው። የእኛ ግስ ባለቤቱን አዝሎ ነው የሚዞረው። «እየሄድኩ» ካልኩ ሂያጁ እኔ ነኝ፤ «እየሄደች» ካልኩ እሷ ናት፤ ከኋላ ዝናብ ቢመጣ በረዶ ቢመጣ አካሄዳችንን የሚነጥቀን የለም። «በልቼ»፣ «ሰብሬ»፣ «ረስቼ» ሲባልም ያው ነው፤ ጥፋተኛው ከቃሉ ጫፍ ላይ ተጽፏል። የእንግሊዝኛው «ዎኪንግ» ግን የማንም አይደለም። እኔም ልሁን፣ ዝናቡም ይሁን፣ ማዘጋጃ ቤቱም ይሁን ግድ የለውም፤ ከኮማው ማዶ መጀመሪያ ያገኘው ስም ላይ ይለጠፋል። የእኔ ጆሮ ታዲያ ባለቤትን ከግሱ ላይ መስማት እንጂ በቦታው መፈለግ አልለመደም። ስህተቱ ፊቴ ተገትሮ አይታየኝም።

ይህን ሁሉ ለአስጠኚዬ አብራራሁለት። በዕድሜ ብዙ የሚያንሰኝ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገ፣ አማርኛን ከእናቱ እንግሊዝኛን ከሰፈሩ የተማረ ልጅ ነው። በትዕግሥት አዳመጠኝና «ጋሼ፣ ትንታኔው ያምራል፤ መልሱ ግን ቢ ነው» አለኝ።

አንድ ቀን ራሴ ዓረፍተ ነገር እንድሠራ አዘዘኝ። ላሳየው ብዬ አበበ ቢቂላን አነሣሁ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 በሮም ኦሎምፒክ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማሸነፉን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላስገባ ፈለግኩ። «ረኒንግ ቤርፉት» ብዬ ጀመርኩ፤ ኮማ ደነቀርኩ፤ ቀጥዬ የአበበ ቢቂላ ድል ዓለምን አስደነቀ የሚለውን አስከተልኩ። ልጁ አየውና «ድሉ ነው የሮጠው?» አለኝ።

ተቆጣሁ። አበበ ከኮማው ጎን በስሙ ቆሞ የለም ወይ? ነገሩ ወጥመድ እንደነበር የገባኝ ቁጣዬ ከበረደ በኋላ ነው። ከአበበ ስም ጫፍ ላይ አፖስትሮፊና ኤስ ከገቡ፣ አበበ የድሉ ባለንብረት ይሆናል እንጂ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አይሆንም። ዋናው ስም ድሉ ነው፤ በባዶ እግሩ የሚሮጠውም እሱ። ጥያቄ አውጪዎቹ ይህን ዘዴ ይወዱት የነበረው እንደ እኔ ላለው ሰው ነው፤ ዓይናችን ትክክለኛውን ሰው በትክክለኛው ቦታ አየሁ ብሎ ያልፋል። ትዝ ሲለኝ የሚያሳፍረኝ ግን መሳሳቴ አይደለም፤ ለአበበ ክብር ጥብቅና የቆምኩ መስዬ ለአንድ ኮማ መጮኼ ነው።

ሲጨንቀኝ ሼክስፒርን ጠራሁ። በሐምሌት ውስጥ የአባትየው መንፈስ በአትክልት ቦታው ተኝቶ ሳለ እባብ እንደነደፈው መወራቱን ሲናገር፣ እንግሊዝኛው በጂማት ሕግ ከተመዘነ የተኛው እባቡ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትን ወደ አማርኛ መልሶታል፤ እሱም ሆነ ሌላ ተርጓሚ ይህን ስህተት ልድገመው ቢል አማርኛው እሺ አይለውም፤ «ተኝቼ» እንደተባለ እባቡ ከእንቅልፍ ነፃ ይወጣል። ከሼክስፒር ጋር አብሬ መውደቄ በጣም አጽናናኝ። ሌሎች ተፈታኞች መልመጃ ሲሠሩ እኔ መጽናናቴን ይዤ ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛም ቢሆን «ኮንሲደሪንግ»ን እና «ሪጋርዲንግ»ን የመሳሰሉትን ያለ ባለቤት እንዲኖሩ ፈቅዶላቸዋል። ብልህ ሰው የተፈቀደላቸውን ይሸመድዳል፤ እኔ የቀሩትንም ላስፈታ ነበር የተነሣሁት።

«ዊች» ስለሚባለው አያያዥ ቃል ብዙ አልልም። የቡና ዋጋ ወደቀ፣ ይህም ገበሬውን አሳሰበው እንላለን፤ የእኛ «ይህም» ከፊቱ ያለውን ሁሉ ጠቅልሎ ይወስዳል። በፈተናው «ዊች» ግን የሚይዘው አጠገቡ ያለውን ስም ብቻ ነበር። መልሱ «ዊች»ን አውጥቶ ግሱን በአይኤንጂ ማስጨረስ ሆኖ ሳለ፣ እኔ «ዊች»ን ስለምወደው ብቻ ይዤው ወደቅኩ።

ሕጉ በመጨረሻ ገባኝ፤ ያኔ ደግሞ ከማላውቅበት ጊዜ የባሰ ሰው ሆንኩ። የምግብ ቤት ሜኑ አርማለሁ፤ የሰው የልደት ካርድ አርማለሁ። አማርኛማ እንዲህ ያለ ግራ መጋባት የለበትም እያልኩ በየድግሱ ሰበክሁ። በዚያው ሰሞን ለቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ «የሞተውን የአጎታችንን በሬ ጉዳይ ዛሬ ማታ እንነጋገርበት» ብዬ ጻፍኩ። ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ እያለቀሰች ደወለች። «አጎታችን መቼ ነው ያረፈው? ደግሞ ሰው ሞቶ እናንተ የምታወሩት ስለ በሬ ነው?» አለችኝ። አጎቴ ደህና ነው፤ የሞተው በሬው ነው። አማርኛችን ገላጩን ከፊት ከፊት ሲደረድር ማንኛው የማን እንደሆነ በሬውም አጎቴም እኩል ይጠረጠራሉ። «የአጎታችን በሬ ስለሞተ» ብል ስንት እንባ ይተርፍ ነበር።

ፈተናውንስ? «ሞዲፋየር ሳይጠራልኝ አልቀመጥም» እያልኩ ቀኑን ስገፋ፣ በ2023 ኖቬምበር ጂማት ፎከስ የተባለው አዲሱ ፈተና መጣ፤ ሰንተንስ ኮሬክሽን የለበትም። አሮጌው ፈተና በ2024 ጃንዋሪ መጨረሻ ተዘጋ። ፈርቼ የሸሸሁት ጥያቄ እኔን መጠበቅ ሰልችቶት ሄደ። ጓደኞቼ እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ፤ እኔ ግን ከፋኝ፤ ያን ሁሉ የሰበሰብኩትን ሰበብ የት ልጣለው?

ያልተናገርኩት አንድ ነገር ቀርቶኛል። ስህተቱን እያወቅኩት አልተውኩትም፤ ጠቃሚ ሆኖ አገኘሁት። ሪፖርት ሳዘገይ በአማርኛ ብጽፍ «ቀኑን አሳልፌ» ማለቴ አይቀርም፤ ያቺ «ፌ» ታጋልጠኛለች። በእንግሊዝኛ ግን «ሃቪንግ ሚስድ ዘ ዴድላይን» ብዬ፣ ኮማ አድርጌ፣ ሪፖርቱ ተያይዟል እላለሁ። ቀኑን ያሳለፈው ሪፖርቱ ነው፤ እኔ አስተላላፊ ብቻ ነኝ። ለረጅም ጊዜ ማንም አልነቃብኝም።

ባለፈው ወር የተላከችው አዲሷ አለቃዬ ኢሜይሌን አንብባ በሁለት መስመር መለሰችልኝ። ሪፖርቱ እንዲህ ማርፈድ ከጀመረ መነጋገር አለብን፣ ሐሙስ ጠዋት ቢሮዬ ድረስ ይምጣ ትላለች። ሁለተኛው መስመር ብቻውን እንዳይፈራ አንተም አብረኸው ና ይላል።