የማሰሻው ጥያቄ፦ ስለ ወጥ ቤት እድሳት የተደረገ መጠነኛ ጥናት

ይህ ጥናት የተካሄደው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ለቡ፣ በአንድ መኖሪያ ቤት ነው። ለናሙና የተወሰደው ወጥ ቤት አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ለማሳደስ የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረም። አጥኚው በዘርፉ የ11 ዓመት ልምድ አላቸው፤ ይኸውም በወጥ ቤቱ ደጃፍ ቆመው «ምሳ አልደረሰም?» እያሉ በመጠየቅ ያካበቱት ነው።

የአዲስ አበባ ወጥ ቤት በሁለት ይከፈላል፤ ኪችን እና ማድ ቤት። ኪችን ከሳሎን ጎን የሚገኝ፣ እንግዳ ሲመጣ መብራቱ የሚበራ፣ የሻይ ብርጭቆ የሚታጠብበት ክፍል ነው። ማድ ቤት ከጓሮ በቆርቆሮ የተከለለ ሲሆን ምግብ የሚበስለው እዚያ ነው። የሚታደሰው ምንጊዜም ኪችኑ ነው። የጀሞ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ሁለቱን በአንድ ጠባብ ክፍል አጣምሮ ስለሚኖር የራሱ አጥኚ ይገባዋል። የኮንዶሚኒየም ነዳፊዎች ግን ነገሩ ገብቷቸው ነበር፤ እንጀራ የሚጋገርበትና በግ የሚታረድበት የጋራ ቤት ለብቻው ነድፈዋል።

ወደ ንድፈ ሐሳቡ እንለፍ። ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ እ.ኤ.አ. በ1926 ለፍራንክፈርት አዳዲስ ቤቶች የነደፉት ወጥ ቤት 1.9 በ3.4 ሜትር ነበር፤ የአብሳይዋ እርምጃ ሳይቀር ታስቦበታል። በ1940ዎቹ ደግሞ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች «የሥራ ሦስት ማዕዘን» የሚባለውን ደንብ አወጡ። ከፍሪጅ እስከ ሲንክ፣ ከሲንክ እስከ ምድጃ፣ ከምድጃ ተመልሶ እስከ ፍሪጅ ያለው መንገድ ተደምሮ ከ8 ሜትር እንዳይዘል ይላሉ።

በእኛ ቤት ፍሪጁ ሳሎን ነው። ዳንቴል ለብሶ፣ የልጄን የመዋዕለ ሕፃናት ምርቃት ፎቶ ተሸክሞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሟል፤ ያን ያህል ብር የወጣበትን ዕቃ ወጥ ቤት የሚደብቅ ሰው የለም። ሲንኩ ኪችን ውስጥ ነው፤ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ግን ውኃው ያለው በግቢው በር አጠገብ፣ ጀሪካን ውስጥ ነው። እሳቱ ጓሮ ነው። ካቢኔት ሠሪው ሜትሩን ዘርግቶ ለካልን፤ 43 ሜትር። ሦስት ማዕዘኑ ሳሎኑን፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ የጎመን መደቡንና ውሻውን ያቅፋል።

ካቢኔት ሠሪው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየን። «ጋሼ፣ አሁን ሰው ሁሉ አይላንድ ነው የሚያሠራው» አለኝ። አይላንድ ማለት ወለሉ መሀል የሚገተር፣ አላፊ አግዳሚውን ወገቡ ላይ የሚመታ ባንኮኒ ነው። ባለቤቴ «እዚህ ለሰውም መቆሚያ የለ!» ብላ ኤል ቅርጽ አዘዘች፤ ኤም ዲ ኤፍ፣ ሃይ ግሎስ፣ 14 መሳቢያ። ቀብድ ተከፈለ።

ቀብዱ ከተከፈለ በኋላ ምጣዱ ትዝ አለን። የካቢኔት ጥልቀት 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይህን ልክ ያወጡት ሰዎች እንጀራ አይበሉም። የምጣዱ ሸክላ ብቻውን ወደ 60 ይጠጋል፤ ከነማቀፊያው ሲለካ ከባንኮኒው ጫፍ ሆዱን አውጥቶ ይቀመጣል፣ አክንባሎው ሲነሣ ደግሞ የላይኛውን ካቢኔት ይጋፋል። በዚያ ላይ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ንፋስ ስልክ ማለት ሽቦ አልባ መገናኛ ማለት ነው፤ የሰፈራችን የእንጀራ ዜና ግን አሁንም በሽቦ ነው የሚተላለፈው። ምጣዱ ሲሰካ የጎረቤት አምፖል ይደክማል፤ «ዛሬ እነ እንትና እየጋገሩ ነው» ይባላል። ስለዚህ ምጣዱ ማድ ቤት እንዲቆይ ተወሰነ።

ጉዳዩ ያለቀ መስሎን ሳለ የቤት ሠራተኛችን አዲሱን ካቢኔት ዙሪያውን ቃኘችና ጠየቀች፤

«ጋሼ፣ ማሰሻው የት ይቀመጥ?»

14ቱ መሳቢያዎች ተከፍተው ተዘጉ። ማንም አልመለሰላትም።

እዚህ ላይ ጥናቱ አቅጣጫውን ለመቀየር ተገዷል። ማሰሻ፣ ውጭ አገር ላደገ አንባቢ፣ ምጣድ የሚታሰስበት ብጣሽ ጨርቅ ነው። የተወቀጠ ጎመን ዘር የጋለው ምጣድ ላይ ይነሰነሳል፣ በማሰሻ ይታሻል፣ እንጀራውም ሳይለጥፍ ይነሣል። ማሰሻ በዕድሜ ይመደባል። ጀማሪዋ ከምን እንደተቀደደች ገና የምታስታውቅ፣ ዘይት ያልጠገበች ናት፤ እሷን ያመነ ጋጋሪ እንጀራውን በቢላዋ ይፍቃል። መካከለኛዋ ቡናማ ናት፤ ለቤተኛ እንጂ ለእንግዳ እንጀራ አትታመንም። ሊቋ ግን ጥቁር ናት፤ እንደ ቆዳ ታብለጨልጫለች፣ ወለል ላይ ብትጣል እንኳ ቅርጿን አትለቅም። የእኛዋ ከሦስተኛው መደብ ናት። በቀድሞ ሕይወቷ የእኔ ካናቴራ ነበረች፤ አንገቷ አካባቢ አሁንም ትታወቀኛለች። ማሰሻ አትታጠብም። ማድ ቤትም አታድርም፤ የጎመን ዘር ዘይት የጠጣን ጨርቅ አይጥ ሌሊቱን አያሳድረውም።

የማደሪያ ሙከራዎቹ እነሆ። በመጀመሪያ ከመሳቢያዎቹ ባንዱ አስተኛናት፤ በሦስተኛው ቀን ዘይቷ ሃይ ግሎሱ ላይ የሐይቅ ካርታ የመሰለ ነገር ሣለ። ከዚያ በአዲሱ ኦቨን እጀታ ላይ ተሰቀለች (ኦቨኑ ውስጥ ድስት ነው ያለው፤ የሁሉም ቤት ኦቨን እንደዚያው ነው)። ቡና ልትጠጣ የመጣች ዘመድ እጇን ታጥባ በእሷ አደረቀች፤ ተመልሳም ታጠበች። ከሲንኩ ሥር ስትቀመጥ የባለቤቴ እኅት ልታግዝ ብላ ከቆሻሻ ጋር ጠራርጋ አወጣቻት። ማሰሻዋ የተገኘችው በማግስቱ ነው፤ በመካከሉ የተጋገረው እንጀራ ሁሉ ምጣዱን አልለቅም ብሎ ሁለት ቀን ቁርስም ምሳም ፍርፍር በላን። በመጨረሻ እናቴ «ድሮ እኮ ምጣዱ ላይ አስቀምጠን አክንባሎ እንደፋባት ነበር፣ አይጥም አያገኛት» አሉ። ትክክል ናቸው፤ እሳቸው ግን የሚያውቁት በእንጨት የሚነደውን ምጣድ ነው። የኤሌክትሪኩ አንድ ቀን ውስጡ ሳይታይ ተሰካ። ጎረቤት በዚያ ቀን ያወቀው በአምፖል ሳይሆን በጭስ ነው።

ወደ ሊቃውንቱ ብንመለስም እርዳታ የለም። ሹተ ሊሆትስኪ ለሩዝ፣ ለስኳር፣ ለሌላውም ለየብቻው ማስቀመጫ አበጅተዋል፤ የዱቄቱን ትል እንዳይደፍረው ብለው ከኦክ እንጨት አሠርተውታል። ለዱቄት እንዲህ የተጨነቁ ሰው ስለ ማሰሻ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ያን ወጥ ቤት ሲነድፉ ምግብ አብስለው እንደማያውቁ በኋላ ራሳቸው መናገራቸው ነገሩን በከፊል ያስረዳል።

ስለ ፊኒሺንግ ሰፊ ምዕራፍ ታቅዶ ነበር። ግራናይቱ ነጭ ሊሆን ነበር፣ እርድ ትዝ ሲለን ጥቁር ሆነ። ሴራሚኩ ሦስት ጎደለ፤ ሻጩ «ያ እኮ አልቋል፣ አይመጣም» አለ። የጎደለው ቦታ ፍሪጅ ሊቆምበት ይችል ነበር፤ ፍሪጁ ግን ሳሎን ነው። ቀለሙ ነጭ ነው።

ማሰሻዋ አሁን የኒዶ ቆርቆሮ ውስጥ ተከድና ሳሎን ፍሪጁ ላይ፣ ከምርቃት ፎቶው ኋላ ትኖራለች። ሠራተኛዋ ናት ያስቀመጠቻት፤ ማንንም አላማከረችም። ከ14ቱ መሳቢያዎች 12ቱ የታጠፈ ፌስታል ይዘዋል፣ በአንዱ ሻማ አለ። የቀረው ባዶ ነው፤ ባለቤቴ ቁልፍ አሠርታለታለች።