አራት ኪሎ ይዤ ኦሎምፒያ

ጥበቃ ሲባል ለሰው ቶሎ የሚታየው እንቅልፍ ነው፤ ወንበር ላይ ተደላድሎ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ፣ ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ የሚያንኮራፋ ሽማግሌ። እንዲህ ያለ የለም አልልም። ነገር ግን ከደምበል ወደ ኦሎምፒያ በእግሩ የሚያዘግም ሰው ቀና ብሎ የየሕንፃውን በር ቢያይ የሚያገኘን ቆመን ነው። የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ በከተማው ብዙ አጥር ፈርሷል፤ የእኛም ፈረሰ፣ ከአጥሩ ጋር ያቺ የቆርቆሮ ማረፊያችን ሄደች። መንገዱ አምሯል፣ ሰፍቷል፣ የማታው መብራት ቀን ያስመስለዋል። መደገፊያ ግን የለንም።

ስለ ደመወዝ አላወራም፤ እሱን ሁሉም ያወራዋል። ስለ ሌሊቱ ብርድም ዝም ልበል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም ማለቱን፣ እኛ ደግሞ ከማታ እስከ ጧት 12 ሰዓት መገተራችንን ለሌላ ቀን እንተወው። የዛሬው እሮሮዬ ስለ ጠመንጃው ነው፤ ያውም ስለ አንዲት ቦታው፣ ከካዝናው ወደ ፊት ግራ እጅ ስለሚያርፍበት እንጨት።

ክላሽ ከነሙሉ ካዝናው 4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 4 ኪሎ ለአንድ ሰዓት ምንም አይደለም፤ የገበያ ዘምቢል ነው። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ግን ማንገቻው አጥንት ይፈልጋል። የሠሩት ሰዎች ያሰቡት ስለ ወታደር ነው። ወታደር ይዞት ይሮጣል፣ በደረቱ ተኝቶ ይተኩስበታል፣ ሲደክመው አንግቶት ይጓዛል። ሩሲያዎቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ኤኬኤም የሚባለውን አሻሽለው ሲያወጡ የታችኛውን እንጨት ግራና ቀኙን አበጥ አደረጉት፤ እጅ እንዲጨብጠው። ጎበዞች ናቸው። በአንድ እጁ ክላሽ ይዞ በሌላው የሴት ቦርሳ ከፍቶ የሚፈትሽ ሰው ግን በሐሳባቸው አልመጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለጉዳይዋ ቦርሳዋን ትዘረጋለች። «ይቅርታ እህቴ» ብዬ ጎንበስ ስል ማንገቻው ከትከሻዬ ይንሸራተታል። ግራ እጄ እንጨቱን ሊቀልብ ይሮጣል። እንጨቱ ከስንት ሰው ላብና ከስንት ጊዜ ዘይት የተነሣ ልሟል፣ ያዳልጣል። ጠመንጃው ይዞርና አፈሙዙ የሚያርፈው በሴትዮዋ ሆድ ትይዩ ነው። ትደነግጣለች፤ እኔም እደነግጣለሁ። ጥይት እንዳልጎረሰ አውቃለሁ፣ መጠበቂያው ወደ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሷ ይህን በምን ታውቃለች? «ኧረ ጋሼ፣ ወደዚያ ያዙልኝ!» ትላለች። ልክ ናት። በእኛ በር ይህ የማይሆንበት ሳምንት የለም። ባምቢስ በኩል ያሉትን ጠይቁ፣ መስቀል ፍላወር በኩል ያሉትን ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁ ይህንኑ ነው። ከኋላ የተሰለፈው ጎረምሳ ደግሞ ዝም አይልም። «ፋዘር፣ ይሄ ነገር ግን ይሠራል?» ይላል። እንዲሠራ ነው የሚፈልገው ወይስ እንዳይሠራ?

እንጨቱ ማዳለጡ ሳያንስ ይወዛወዛል። ታችኛው እንጨት ኋላው ወደ አካሉ ተሰክቶ፣ ፊቱ በአንዲት የብረት ቀለበት ተይዞ ነው የሚቆመው። ቀለበቷን የምታጠብቅ ትንሽ ምላስ በጎኗ አለች፤ እሷን ገፋ ሲያደርጓት ቀለበቷ ወደ ፊት ትሸሻለች፣ እንጨቱም ይወጣል። ቀላል ነው። ችግሩ እንጨት እንጨት ነውና በበጋ ይደርቃል፣ ይኮማተራል። በጥር ወር ይዞት የሚራመድ ሰው ቋ፣ ቋ እያለ ነው የሚሄደው፤ ሌባ ከሩቅ ሰምቶን መንገድ ይቀይራል፣ ይህ እንኳ ለሥራው ሳይጠቅም አይቀርም። አንዱ ባልደረባችን የሲጋራ ካርቶን አጥፎ ወተፈበት። ጸጥ አለ። ሐምሌ ሲገባ ካርቶኑ ራሰ፣ እንጨቱም አበጠ፣ ለጽዳት እንፍታው ብንል አልወጣ አለ።

ዕቃ በሞተር የሚያደርስ አንድ ልጅ አለ፤ ደንበኛው እስኪወርድለት ስልኩን አግድም ይዞ ፐብጂ ይጫወታል። ከማንገቻው ጋር የማደርገውን ትግል ሲያይ ከርሞ «ጋሼ፣ ለእርስዎ አንግልድ ግሪፕ ነበር የሚያስፈልግዎት» አለኝ። ምንድን ነው ብለው ስልኩን አዞረልኝ። ከጠመንጃው ሥር የምትገጠም፣ ዘመም ያለች እጀታ ናት። ኤም 416 የሚሉት ላይ በጣቱ ጎተት አድርጎ ለጠፋት፤ አለቀ። «የእኔ ላይስ?» አልኩት ክላሹን እያሳየሁ። ሣቀ። «ኤኬኤም ላይ አይገባም ጋሼ፤ ቦታ የለውም።» በጨዋታ እንኳ ተከለከልን!

እውነተኛዋን ዕቃ እ.ኤ.አ. በ2009 ለገበያ ያወጣው ማግፑል የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ቁራጭ ፕላስቲክ ናት። ጠመንጃው ሥር ጥርስ ጥርስ ያለው ሐዲድ ይኖራል፤ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1995 አንድ ወጥ ልክ ያወጣለት ነው። እጀታዋ እዚያ ላይ ትገባና በብሎን ትጠብቃለች። ከእሷ በፊት የተለመደው ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ እጀታ ነበር፤ ክርን ወደ ውጭ ይገፋል፣ አንጓንም ይጠመዝዛል የሚሉ አሉ። ዘመም ያለችው ላይ እጅ ከሥር ገብቶ ወደ ፊት ይዘረጋል፣ አውራ ጣት በጎን ሽቅብ ታርፋለች፣ ክንድም ቀና ይላል። ሰዎቹ እሷን ሲገጥሙ አንድ ጥርስ ወደ ፊት፣ አንድ ጥርስ ወደ ኋላ እያሉ ከክንዳቸው ርዝመት ጋር ያስማማሉ፤ ጠርዙ ከቆረቆራቸው በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳሉ፤ ትርፍ የሆነውን ሐዲድ መዳፍ እንዳይፍቅ በላስቲክ ይሸፍናሉ። ለአንድ ጠመንጃ ይህን ሁሉ መጨነቅ! መጀመሪያ ሣቅሁ፤ ቀጥሎ ቀናሁ።

ክላሽ ላይ አይሆንም የሚባለውም ውሸት ነው። ሩማኒያዎች ከ60 ዓመት በፊት የራሳቸውን ክላሽ ሲሠሩ ከዚያው ከታችኛው እንጨት ወደ ታች የወረደ እጀታ ቀርጸውለታል። ሰደፉ በሚታጠፈው ላይ ደግሞ እጀታው ሰደፉን እንዳያግድ አዘንብለውታል። ሃንጋሪዎችም የፊት እጀታ ያለው ክላሽ ሠርተዋል። እኛ ዘንድ የደረሰው ሜዳው ነው።

ታዲያ ግዛ ትሉኝ ይሆናል። በማን ጠመንጃ? ዋጋዋ 40 ዶላር ገደማ ነው፤ ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 40 ዶላር በእኔ ደመወዝ ምን እንደሚያህል አልናገርም ብያለሁ። ውጭ ያለ ዘመድ በሻንጣው ይዞ ይምጣ? የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ባለበት አገር፣ አንድ የተከበረ ሰው ቦሌ ጉምሩክ ፊት ቆሞ «የጠመንጃ ዕቃ ናት፣ ግን ለመያዣ ብቻ ነች» ሲል ይታየኛል። ዘመድ ከሚጠፋኝ እጄ ያዳልጥ። አዋጁን አልቃወምም፤ መሣሪያ በዘፈቀደ የሚዞርበት ከተማ በር ላይ መቆም ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ካዛንቺስ አንድ አናጢ ነበር። የወንበር እግር፣ የመሰንቆ አንገት፣ የመጥረቢያ እጀታ፣ የማይቀርጸው አልነበረም። ስንት ጊዜ በሩ ላይ ቆሜ የመጥረቢያውን እጀታ ጎባጣ በእጄ ለክቻለሁ፤ መዳፍ ውስጥ ቁጭ ይላል። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ ሰዉ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ሌላም ሄደ፣ አናጢውም መሮና መጋዙን ይዞ ሄደ። ቢኖርም እሺ አይለኝም ነበር። ጠመንጃ የነካ እንጨት ቤቴ አይግባ ባይ ነው።

አባቴ ምንሽር ነበረው። ማንገቻው ከገዛ በሬው ቆዳ የተሰፋ፣ ርዝመቱ በትከሻው የተለካ ነው፤ እኔ ልጅ ሆኜ ሳነግተው ሰደፉ መሬት ይጎትት ነበር። እንጨቱን ቅቤ እያስነካ በጨርቅ ያሸዋል፤ እጁ የሚያርፍበት ቦታ ጠይም ሆኖ ያበራል። ያ ጠመንጃ ባለቤት ነበረው፤ እጅና እንጨት ዓመት ካመት ሲተሻሹ ተላምደዋል። ይኼኛው የድርጅት ነው። ለሦስት እንፈራረቅበታለን፦ እኔ አጭር ነኝ፣ ተረካቢዬ ቁመቱ ከበሩ መቃን ይስተካከላል፣ ሦስተኛው ግራኝ ነው። በየርክክቡ ማንገቻ ማሳጠርና ማስረዘም ሥራችን ሆነና ዘለበቱ ተሰበረ። ማንገቻውን ብቻ አውልቀን ማዞሪያው ላይ ለተቀመጠው ጫማ ሰፊ ሰጠነው። ልጁ ደግ ነው፣ በጅማት በሚያህል ክር ደህና አድርጎ ሰፋው፤ ሰፍቶም በረዥሙ ሰውዬ ልክ አስቀረው። ለምን ቢሉ፣ ማንገቻውን ይዞለት የሄደው ረዥሙ ነው።

ግራ የሚገባኝ እንዲህ ነው። በዓለም ላይ ስለ ጠመንጃ እጀታ የሚጨነቅ ሁሉ የሚጨነቀው ለሚተኩሰው ነው። ርግጫውን ትቀንሳለች፣ ማነጣጠር ታፈጥናለች፣ ሁለተኛውን ጥይት ታቃናለች ይባላል። በዚህች ከተማ በየሕንፃው፣ በየባንኩ፣ በየመጋዘኑ የቆመው ዘበኛ ግን አብዛኛው በሥራው ላይ አንድም ጥይት ሳይተኩስ ጡረታ የሚወጣ ነው፤ ተመስገን ነው። ሥራችን መያዝ ነው። ሌሊቱን ሙሉ መያዝ፣ ዝናብ ውስጥ መያዝ፣ በአንድ እጅ መስታወት ከመኪና ሥር እየሰደዱ በሌላው መያዝ። ለያዥ የታሰበ ጠመንጃ ካለ ያሳዩኝ።

እኛው ለራሳችን አሰብን። ጎማ ቤት ከተጣለ የሞተር ከመነዳሪ በሁለት ጣት ስፋት ቀደድን። ከወደቀ ጫማ ሶል ላይ አንድ ሽብልቅ ቆረጥንና ወፍራሙን ጎን ወደ ካዝናው አድርገን ከእንጨቱ ሥር አስቀመጥነው፤ መጀመሪያ በጥቁር የመብራት ናስትሮ አሰርነው፣ ከላይ ከመነዳሪውን ወጥረን ጠመጠምን፣ ጫፉን በማስቲሽ አጣበቅን። ግራኙ «ለእኔ ትንሽ ወደ ፊት» አለ፤ ፈታነው፣ ገፋነው፣ እንደገና ጠመጠምን። መልኩ ያስጠላል፣ አልክድም፤ እጁን ተሰብሮ የታሸ ሰው ይመስላል። ግን እጅ ገብቶ ይቀመጥበታል። መወዛወዙም ቆመ። በዚያ ሰሞን ጎንበስ ስል ጠመንጃው እጄ ላይ ቀጥ ብሎ፣ አፈሙዙም መሬት መሬት እያየ ይጠብቀኝ ነበር። «ወደዚያ ያዙልኝ» የሚል ጠፋ።

ከዚያ የሰኔ ቆጠራ መጣ። የንብረት ሠራተኛው መዝገቡን ገለጠ። ክላሽ አንድ፣ ካዝና አንድ፣ ማንገቻ አንድ። «ይሄ ላስቲክ ምንድን ነው?» አለ። በሞዴል 19 ገቢ አልሆነም፣ በሞዴል 22 ወጪ አልሆነም። ያልገባ ዕቃ ከገባ ዕቃ ላይ ተገኘ። ለመያዣ ነው አልነው። መያዣ የሚባል ንብረት መዝገቡ ላይ የለም። በእሱ ብቻ አልፈርድም፤ አሜሪካ እንኳ ሽጉጥ ላይ ቀጥ ያለችውን እጀታ የገጠመ ሰው ሌላ ዓይነት መሣሪያ እንደሠራ ተቆጥሮ አስመዝግብ ይባላል፣ ዘመም ያለችውን የገጠመ ግን በሰላም ይሄዳል። የመዝገብ ሰው የትም የመዝገብ ሰው ነው። «ሲረከብ እንደነበረው ይመለስ» ብሎ ጻፈ። ሲረከብ እንደነበረውማ ቢመለስ እኛም በወደድን፤ ሲረከብ እንጨቱ መች ይወዛወዝ ነበር?

ፈታነው። ከመነዳሪው ወጣ፣ ሶሉ ወጣ፣ ናስትሮውም ተላጠ። ማስቲሹና የናስትሮው ሙጫ ግን እንጨቱ ላይ ቀረ። በናፍጣ አሸነው፣ በቤንዚን አሸነው፣ በቢላ ጀርባ ፋቅነው፤ አልለቅ አለ። አሁን የነካው ሁሉ ይጣበቅበታል፤ የጓንት ክር፣ የጋቢ ጥጥ፣ የመንገዱ አቧራ። የንብረት ሠራተኛው በጣቱ ነካ አድርጎ እጁን በወረቀቱ ጠረገና አለፈ፤ ሙጫ ንብረት አይደለም። እንጨቱ ግን ከእንግዲህ አያዳልጥም። ሦስታችንም ተማክረን፣ ሙጫው እንዳይለቅ ዘይት ማስነካት ትተናል።