በእንተ ኮሚክ አንባቢ፤ ከደንዲ ቪዲዮ ቤቶች የተገኘ ሐተታ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረችው ጊንጪ የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስለ ጤፏና ስለ ጥቁር አፈሯ የእርሻ ሊቃውንት፣ በተራራ አናት ላይ ስምንት ቁጥር መስሎ ስለ ተኛው ስለ ደንዲ ሐይቅ ደግሞ አገር ጐብኚዎች መላልሰው ሲጽፉ፣ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ስለሚገኘው ስለዚያ ልዩ ፍጡር፣ ይኸውም የጀግኖችን ታሪክ አስቀድሞ በኮሚክ አንብቦ በኋላ ፊልሙን ሊመረምር ስለሚመጣው ሰው፣ አንዲት ምዕራፍ እንኳ ጽፎ ያቆየን ሊቅ አለመኖሩ ለዘመናችን ትምህርት ነቀፋ ነው። ይህን ጕድለት በአቅማችን ለመሙላት ስንል ከጊንጪ እስከ አምቦ፣ ከአምቦም እስከ ጉደር ያሉትን የፊልም ጉባኤያት በትዕግሥት ተመልክተን የሚከተለውን አቅርበናል።

በቪዲዮ ቤት የሚሰበሰበው ሕዝብ በእምነቱ አንድ ነው ለማለት ይቻላል። የእምነቱም አንቀጽ ከሁለት ቃል የማይበልጥ ሲሆን፣ እርሱም «አክተር አይሞትም» የሚለው ነው፤ ጥይት ቢዘንብ፣ ፎቅ ቢደረመስ፣ ወንበዴዎቹ ቢበዙና ቢከብቡት፣ ተመልካቹ ኦቾሎኒውን እየፈለፈለ በልበ ሙሉነት ፍጻሜውን ይጠባበቃል። ኮሚክ አንባቢው ግን ከዚህ ማኅበር በመቀመጫው እንኳ የተለየ ነው። ከፊት አይቀመጥም፣ ከኋላም አይቀመጥም፤ መጽሐፉ በስልኩ ውስጥ ስለ ሆነ ከግድግዳው ሶኬት አጠገብ ይቀመጣል። ይህ መጽሐፍ ከመደብር የተገዛ ሳይሆን ከቴሌግራም የወረደ፣ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ ላይ በጣት እየተገፋ የተነበበ በመሆኑ፣ የጀግናው ፊት ከግራ ቅንድቡ እስከ አገጩ ለሁለት ተከፍሎ ሲታየው ኖሯል፤ እኛ እንደ ተረዳነው፣ በፊልሙ ላይ ስንጥቅ የሌለበትን ፊት ባየ ጊዜ መጀመሪያ ቅር የሚለው ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

በአብነት ትምህርት ቤት ንባብ ያልጨረሰ ለትርጓሜ እንደማይቀመጥ፣ በዚህም ትምህርት መጽሐፉን ያላነበበ ሰው በፊልሙ ላይ አፉን ሊከፍት አይፈቀድለትም። ስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ እ.ኤ.አ. በ1962 በፈጠሩት ታሪክ ስፓይደርማን ድሩን የሚረጨው በገዛ እጁ ሠርቶ በአንጓው ላይ ባሰረው መሣሪያ ነው፤ ሳም ሬይሚ በ2002 ባወጣው ፊልም ግን ድሩ ከሥጋው ይወጣል። ተራው ተመልካች ልጁ ከፎቅ ወደ ፎቅ መወርወሩን ብቻ አይቶ ሲረካ፣ አንባቢው ፊቱ ይጠቁራል፤ ድሃ ተማሪ ሌሊት ተቀምጦ በጥበቡ የሠራውን ነገር ወስዶ ያለ ድካም ከሸረሪት የተቀበለው ስጦታ ማድረግ የልጁን ላብ መካድ ነው ይላል። ይህ አስተያየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትክክል ነው፤ ችግሩ የሚነገረው በፊልሙ መካከል፣ ያውም ከፊልሙ ከፍ ባለ ድምፅ መሆኑ ነው። በመጽሐፍ 1 ሜትር ከ60 የሚሆነው ዎልቨሪን በ2000 ዓመተ ምሕረት (የፈረንጁን ማለታችን ነው) 1 ሜትር ከ88 በሆነው በሂዩ ጃክማን አካል ተገልጦ ስለ መጣበት ነገር ብዙ አንናገርም። ስለ 28 ሴንቲ ሜትሩ ትርፍ አንባቢው እስከ ዛሬ ካሳ ይጠብቃል።

ነገሩ የሚከፋው ሁለት አንባብያን በአንድ አግዳሚ ላይ የተገናኙ እንደ ሆነ ነው። በ2013 በወጣው «ማን ኦፍ ስቲል» በተባለው ፊልም ፍጻሜ ላይ ሱፐርማን የጄኔራል ዞድን አንገት ሰብሮ ይገድለዋል። በዚህን ጊዜ አንደኛው ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ከ1938 ጀምሮ ተከብሮ የኖረ ስም ዛሬ በደም ረከሰ ብሎ ይጮኻል። ሁለተኛው ሳይነሣ፣ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ፣ ጆን በርን በ1988 በጻፈው ክፍል ይኸው ሱፐርማን ዞድንና ሁለት ግብረ አበሮቹን በአረንጓዴ ክሪፕቶናይት እንደ ገደላቸው ያስታውሰዋል። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን የመጻሕፍት ጉባኤ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ፊተኛው «ያኛው ዞድ ከሌላ ዓለም የመጣ ነበር» ሲል አንድምታ ያወጣል፣ ኋለኛው «ግድያ በሌላውም ዓለም ግድያ ነው» ብሎ ይመልስለታል፣ ክርክሩም ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ተሻግሮ እንደ ገና ወደ አማርኛ ሲመለስ ፊልሙ ያልቃል፤ የቤቱ ባለቤትም ለሚቀጥለው ፊልም ያልከፈለ እንዲወጣ ያዝዛል። ሁለቱም ይከፍላሉ።

ይህ ሰው በማኅበሩ ዘንድ የሚከበርበት አንድ ሰዓት አለው፤ እርሱም መብራት የሄደ ጊዜ ነው። በጨለማው ውስጥ ሕዝቡ አጉረምርሞ፣ ገንዘቤ ይመለስ የሚለውም ከባለቤቱ ጋር ተጨቃጭቆ ሲሰለች፣ ከሶኬቱ ወገን የስልክ ብርሃን ብልጭ ይልና አንባቢው ፊልሙ ከተቋረጠበት ቦታ ጀምሮ እንደ መጽሐፉ ይተርካል። «ዝም በል!» ሲሉት የነበሩት ሁሉ አሁን «እሺ፣ ከዚያስ?» ይሉታል። የሊቅነቱም ማዕርግ የሚታየው በዚህ ላይ ነው። በ2019 የወጣው የ3 ሰዓቱ «አቬንጀርስ ኢንድጌም» ቶኒ ስታርክን በሁሉ ፊት በገደለው ጊዜ የቪዲዮ ቤቱ የእምነት አንቀጽ ክፉኛ ተናውጦ ነበር፤ አክተር ሞተ! ያን ጊዜ ሕዝቡን ያጽናናው አንባቢው ነው። ሱፐርማን በ1992 በመጽሐፉ ውስጥ ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ተለቅሶለት፣ በማግሥቱ ዓመት መመለሱን ምስክር ጠርቶ፣ አንቀጹ «አክተር ይሞታል፣ ግን ሞቶ አይቀርም» ተብሎ ቢታረም ከመጽሐፍም ከፊልምም ጋር እንደሚስማማ አስረዳ። በአምቦ ይህ ማሻሻያ ተቀባይነት አግኝቷል፤ በጉደር ገና ያከራክራል። መብራቱ ሲመጣ ግን ተራኪውን የሚሰማው አይገኝም፤ ፊልሙም ከተረከው ውጭ ሄዶ ቢገኝ «ዋሽቶናል» የሚሉት ፊልሙን ሳይሆን እርሱን ነው።

ይህ ጠባይ ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ ነው የሚሉ አሉ። እኛ አይመስለንም። የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍል ከፋፍለው፣ ከየሥዕሉም ጋር ቃል ጽፈው ሲሸጡ የኖሩት የአገራችን ሠዓልያን ከሱፐርማን ፈጣሪዎች የሚማሩት ነገር ብዙ አልነበረም፤ ከሸራው ፊት ቆሞ «ዘንዶው የት ሄደ?» ብሎ ሠዓሊውን የሚያፋጥጥ ሽማግሌም ዛሬ ከሶኬቱ አጠገብ ለተቀመጠው ወጣት በመንፈስ አያቱ ነው። ደግሞም ሐምሌትንና ኦቴሎን ወደ አማርኛ የመለሰው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተወለደበት በአምቦ አገር፣ መጽሐፍና ትርኢት ይስማማሉ አይስማሙም ብሎ መሟገት ነውር ሊሆን አይገባም።

ከቀድሞው ሥዕል ጋር በተያያዘ አንድ ጥብቅ ጉዳይ ቀርቶናል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ሲሣል፣ ኃጥእ ፊቱን ወደ ጎን መልሶ በአንድ ዓይኑ ይሣላል፤ ስለዚህ ማንን እንደሚወድና ማንን እንደሚጠላ የሚቸገር ምእመን የለም። በ2018 ራያን ኩግለር ያዘጋጀው «ብላክ ፓንተር» ይህን ሥርዐት አፈረሰ። ስለ ንጉሡ ስለ ቲቻላ፣ ከ1966 ጀምሮ ስለ ተጻፈለት ነገር፣ በባዕድ ተገዝታ ስለማታውቀው ስለ ዋካንዳም ሕዝቡ ቅሬታ አልነበረውም፤ እንዲህ ያለ አገር መኖሩ ለደንዲ ሰው አዲስ ወሬ አይደለምና። ለዘውድ የሚፋለሙበትም ፏፏቴ ከጉደር ጋር ተመሳክሮ፣ የጉደሩ ያንሳል እንጂ አያፍርም ተብሎ ታለፈ። ጭንቁ የመጣው ከኪልሞንገር ነው። ወንበዴ ሆኖ ሳለ ሁለት ዓይን፣ የተገደለ አባትና በቂ ምክንያት ተሰጠው፤ ግማሹ አግዳሚ አጨበጨበለት። አንባቢው ይህን ሲያይ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ፤ የፊልሙ ሰው ከመጽሐፉ ሰው በልጦ መገኘቱን ሊክድም ሊያምንም አልቻለም፤ በመጨረሻ ፀጉሩ እንደ መጽሐፉ አልረዘመም ብሎ ተገላገለ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ብስራት ደበበ በኢታን ኮሚክስ በኩል ያወጣው «ጀምበር» የተባለው የራሳችን ኮሚክ ወደዚህ አገር ስልኮችም ገብቷል። ጀግናው አማኑኤል ተመርቆ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ሲሆን በኋላ ልዩ ኃይል ያገኛል። በአምቦ ያነጋገርናቸው ምሩቃን ስለ ኃይሉ አንድም ጥርጥር አላነሡም፤ ያሳሰባቸው ኃይሉን ካገኘ በኋላ ሲቪውን ምን አደረገው የሚለው ነው። ይህ መጽሐፍ ወደ ፊልም የተመለሰ እንደ ሆነ የሚቀርበው ተቃውሞ ግን ከወዲሁ ተዘጋጅቷል፤ ተዋናዩ ጉንጩ የሞላ ከሆነ ሥራ ፈላጊ አይደለም፣ የጫማው ተረከዝ ካልተበላ በመኪና ሲመላለስ ኖሯል ማለት ነው፣ ሸሚዙም ከተቀየረ የማን ነው ተብሎ ይጠየቃል። ጽሑፉ በአንደኛው ስልክ ውስጥ ተቀምጧል፤ ቀኑ ብቻ ክፍት ነው።