ስለ ኮም ፖርት ቁጥር አሰጣጥ የወጣ አዋጅ ቁጥር 256

ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! በመካነ ሰላም፣ በአጅባር፣ በወግዲ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጥህ ሁሉ፤

ዊንዶውስ በሬጅስትሪው ባለች የ32 ባይት መዝገብ ለ256 የኮም ወደቦች አንድ አንድ ቢት የመደበ በመሆኑ፤ የሰጠውን ቁጥር መልሶ መንጠቅ ግን ነውር ስለሚመስለው፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ፦ አያስፈልግም።

አንቀጽ 2. ትርጓሜ፦ “ሲስተም” ማለት ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር የሌለ ነገር ነው።

አንቀጽ 3. ይዞታ

1. የደረሰኝ ማተሚያው የዩኤስቢ ኮንቨርተር ኮም 3 ከተባለ ኮም 3 ነው።

2. የንዑስ አንቀጽ 1 ድንጋጌ ቢኖርም፣ ኮንቨርተሩ መለያ ቁጥር ያልተጻፈበት ርካሽ ዕቃ ከሆነ፣ ወደ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ በተዛወረ ጊዜ እንደ መጤ ተቆጥሮ ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል።

3. ወደ ቀድሞው ቀዳዳ ቢመለስ የቀድሞው ቁጥር ይመለስለታል፤ ወለል ሲወለወል የተነቀለው ገመድ የት እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው ከተገኘ።

4. የተነቀለ፣ የተሰበረ ወይም ለጥገና ደሴ ሄዶ የቀረ ዕቃ ቁጥሩን ይዞ ይቆያል። ያንን ቁጥር የጠየቀ “በሥራ ላይ ነው” ይባላል።

ሀ) ዕቃው በሥራ ላይ ለመሆን መኖር አይጠበቅበትም።

ለ) ሙታኑን ማየት የፈለገ ዲቫይስ ማኔጀር ገብቶ የተደበቁት እንዲታዩ ይዘዝ። ደብዝዘው የወጡትን ቢያራግፍ ቁጥራቸው ብዙ ጊዜ ይለቀቃል።

ሐ) ለዚህ የአድሚን ፓስዎርድ ያስፈልጋል። ፓስዎርዱን የሚያውቀው ባለሙያ ሥልጠና ላይ ነው።

መ) ሥልጠናው አዳማ ነው። አበሉ ሳያልቅ አይመለስም።

5. ከ9 በላይ ቁጥር የደረሰው ወደብ፣ ከስሙ በፊት ልዩ ምልክት ካልተጻፈለት አይከፈትም፤ እንደ ደጃዝማች በማዕረጉ ይጠራ። የድሮ ፕሮግራም ማዕረግ አያውቅም፤ ኮም 11ን “የለም” ብሎ ያልፋል።

አንቀጽ 4. ቅጣት

ከዓባይ በረሃ አፋፍ ሌሊት ተነስተው ግብር ሊከፍሉ የመጡ እናት “እማማ፣ ሲስተም የለም፤ ነገ ይምጡ” ይባላሉ። ቅጣቱ የእሳቸው ነው።

ኧረ ሲስተሙ አለ! ኮም 11 ላይ ቁጭ ብሏል! ገንዘብ ተቀባዩ የሚፈልገው ኮም 3 ላይ ነው። ፓስዎርዱ ከተገኘ ፖርት ሴቲንግ፣ አድቫንስድ፣ ቁጥሩን መርጦ እሺ ማለት ነው፤ ሻይ እንኳ አይፈላበትም። ይህን በመስኮቱ በኩል ብነግረው “አንተ ምን አገባህ?” አለኝ። እማማ ብሩን ከመቀነታቸው ፈትተው ይዘዋል፤ መንግሥት ገንዘቤን አልቀበልም ሲል መቼም አይተን አናውቅም። ማደሪያቸውንና የነገ እንጀራቸውን የሚከፍለው የትኛው ወደብ ነው?

አንቀጽ 5. የተሻሩ ሕጎች፦ ይሉኝታ።

አንቀጽ 6. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ፦ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ነው። ማተሚያው ኮም 11 ላይ ነው።