አቶ ሕዝብ ያልተጠራበት ኢዮቤልዩ

የሙዚቃ አሳታሚዎች ልደታቸውን ሲያከብሩ ዓይናቸው ደም የሚለብስ ሰዎች አሉ። እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። እንዲያውም ልደቱ አነሰ ባይ ነኝ። ድርጅቱ 10 ዓመት ሲሞላው ኬክ ይቆረሳል፤ 25 ሲሞላው ቲሸርት ይታተማል፤ 50 ሲሞላው ደግሞ የጥንቱ ሸክላ ቀይና ቢጫ ቀለም ተቀብቶ፣ ቁጥር ተጽፎበት፣ «ለጥቂት ሰብሳቢዎች ብቻ» ተብሎ በውድ ይሸጣል። 37ኛው ዓመት ለምን ይዘለላል? 29ኛውስ ምን በደለ? ዘፋኙ እንደሆነ የሚቸገረው በየዓመቱ ነው።

የአገራችንን ያነሣን እንደሆነ ከአምኃ ሬከርድስ መጀመር ግድ ይላል። አምኃ እሸቴ ድርጅቱን ያቋቋመው በ1961 ዓ.ም. ነው፤ ገና የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ሳለ። በዚያን ጊዜ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ትእዛዝ የሀገር ፍቅር ብቻ ነበር፤ ሀገር ፍቅር ግን ወጣቱ የሚጨፍርበትን ሙዚቃ ለማሳተም የሚቸኩል አልነበረም። አምኃ ክልከላውን እያወቀ ገባበት። ከዘፋኙ ዓለማየሁ እሸቴ ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን ሸክላ ሕንድ አገር አሳትሞ አስመጣ፤ በኋላ ሥራውን ወደ ቤይሩት አዞረው። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና አንድ ደርዘን ያህል ትልልቅ አልበሞች አወጣ፤ የሙላቱ አስታጥቄ «ኢትዮ ጃዝ» ከእነዚህ አንዱ ነው። ከዚያ ደርግ መጣ፤ አምኃ ተሰደደ፤ ድርጅቱ ተዘጋ።

ስድስት ዓመት። ድርጅቱ ሲሠራ የኖረው ይህንኑ ያህል ነው። ሆኖም 2011 ዓ.ም. ሲደርስ ሃምሳ ሞላው፤ አርባ አራቱን ያሳለፈው ተዘግቶ ነው። ሌላ አገር ይህ ሒሳብ ያስቸግር ይሆናል፤ እኛ ደብረ ታቦር ላይ ግን ግር የሚለው ሰው አይገኝም። እኛም ለሟች አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት፣ ሰባት ዓመት እያልን እንደግሳለን። ተዝካርን ልደት ብሎ መጥራት የከተማ ሰው ፈሊጥ ነው ብለን እንለፈው። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእኛ ተዝካር የኔ ቢጤው ሳይበላ አይመለስም። በሸክላው ተዝካር ላይ ግን ዜማውን ያመጣው ሰው ከነማሲንቆው በር ላይ ይቆማል፤ ዘበኛው «የጥሪ ካርድ?» ይለዋል።

ይህን ስል አምኃን ልዘልፍ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ያ ሰው ገንዘቡንም ራሱንም አደጋ ላይ ጥሎ ሠርቷል፤ እሱ ባይደፍር የዓለማየሁ የወጣትነት ድምፅ በየምሽት ክበቡ ተዘፍኖ እዚያው በቀረ ነበር። ሁለቱም በአንድ ዓመት፣ በ2013 ዓ.ም. አረፉ። ነገሬ ከሠሪዎቹ ጋር አይደለም፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ሻማ ይዘው ከሚደርሱት ጋር ነው።

ልደት በማክበር አሜሪካኖችን የሚያህል የለም። ሞታውን የተባለው የዲትሮይት አሳታሚ በእነሱ አቆጣጠር በ1959 ተቋቋመ፤ «ሞታውን 25» ብሎ በቴሌቪዥን የደገሰው ደግሞ በ1983 ነው። መቀነስ የሚችል ይቀንሰው፤ 24 ነው። ትልቅ ሰው ሲደግስ አንድ ዓመት ቢጎድል ማን ይጠይቀዋል? ዓለም ከዚያ ምሽት የሚያስታውሰው ማይክል ጃክሰን ወደ ኋላ የተንሸራተተበትን ዘፈን ነው፤ «ቢሊ ጂን»ን። ዘፈኑ ግን የሞታውን አልነበረም። ማይክል ድርጅቱን ለቆ ሌላ ቤት ከገባ ዓመታት ተቆጥረው ነበር፤ ዘፈኑም የዚያ የሌላው ቤት ንብረት ነበር። እንዲህ ነው ልደት! እኛም ከዚህ አንተናነስም፤ በሰው ዜማ የራሳችንን ድግስ ማድመቅ ከለመድን ቆይተናል።

ባለ ዜማውን ላስተዋውቃችሁ። ቤቱ የቆየ ካሴት ያለው ሰው የሽፋኑን ወረቀት አውጥቶ ይመልከት። ግጥም እገሌ፣ ቅንብር እገሌ፣ ሽያጭና ማከፋፈል እገሌ ይልና፣ ዜማው ላይ ሲደርስ «የሕዝብ» ይላል። በኢትዮጵያ የሙዚቃ ታሪክ እንደ አቶ ሕዝብ ብዙ የደረሰ የለም። ሠርጉን ይደርሳል፤ ቀረርቶውን ይደርሳል፤ እንጉርጉሮውን ይደርሳል፤ ሐዘን ሲሆን አልቃሽ ሆኖ ከፊት ይቆማል። ስቱዲዮ ገብቶ አያውቅም። ቀብድ ጠይቆ አያውቅም። ከአቀናባሪ ጋር ተኳርፎ ጋዜጣ ላይ አልወጣም። አድራሻው ጠፍቶን ነው የሚል አሳታሚ ካለ ልንገረው፦ ክረምት ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ሲያርም ይገኛል፤ ጥር ላይ ጋይንት ወይም ስማዳ ሠርግ ቤት ነው፤ ነሐሴ 12 ማታ ከልጆቹ ጋር ደብረ ታቦር ላይ ጅራፍ ያጮኻል፤ በተረፈው ቀን ጉና ሥር በጎቹን ይጠብቃል። ስልኩ ዝግ ነው ማለት አይቻልም፤ ማንም ደውሎለት አያውቅምና።

ስም መመዝገብ የማንችል ሰዎች ብንሆን እሺ። እዚሁ ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም የሚባል ደብር አለ፤ ድጓ የሚመሰከርበት። የኔታ ፊት የሚቀርበው ተማሪ በማን እግር ሥር ቁጭ ብሎ እንደተማረ ይጠየቃል፤ ዜማውን ከነምልክቱ ካልያዘም አይመሰከርለትም። የዜማው ባለቤት ያሬድም ከ1,400 ዓመት በላይ ስሙ አልጠፋም። ይህን ሁሉ ያለ ኮምፒዩተር በቃልና በብራና የያዘ አገር፣ የአንድ አዝማሪ ስም ካሴት ሽፋን ላይ ለመጻፍ ቦታ አነሰው። የአከፋፋዩ ስልክ ቁጥር ግን በደማቁ ተጽፏል።

ስለ ክፍያ ከተነሣ፣ በአገራችን ሳይጓደል የሠራው የሮያሊቲ ሥርዓት አንድ ነው፤ እሱም የአዝማሪ ግንባር ነው። አዝማሪው ይዘፍናል፤ የተደሰተው ሰው ይነሣና ብሩን እዚያው ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ውል የለም፤ ደላላ የለም፤ «ሒሳብ ክፍል ሰኞ ተመለስ» የለም። ይህንን ኋላ ቀር ልማድ ለማስቀረት ብዙ ደክመን አዋጅ አወጣን። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሻለ። ሕጉ ግጥምና ዜማ ለደረሰ ሰው ዕድሜ ልኩን፣ ከሞተ በኋላም ለወራሾቹ 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ድምፁን ለሰጠው ከዋኝ ደግሞ ከተቀረፀ ጀምሮ 50 ዓመት። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የሸክላው ወርቅ ኢዮቤልዩ የሚከበረው ስንት ዓመት ሲሞላው ነበር? በሕጉ ስሌት፣ ዘፋኙ በድምፁ ላይ ያለው መብት የሚያበቃበት ዓመትና ኬኩ የሚቆረስበት ዓመት አንድ ናቸው ማለት ነው። ታዲያ አሳታሚ በዚያ ቀን ሻምፓኝ ቢከፍት ይፈረድበታል?

በዚሁ ሕግ የአቶ ሕዝብ ነገር ግን አስጊ ነው። ደራሲው ከሞተ 50 ዓመት ይቆጠራል ተብሏል፤ አቶ ሕዝብ ደግሞ አይሞትም። ቆጠራው መቼም ሊጀመር ስለማይችል መብቱ ዘላለማዊ መሆኑ ነው። ውዝፉን ልክፈል የሚል ከመጣ የትኛውም ባንክ የሚችለው አይመስለኝም። ስሙን «የሕዝብ» ብሎ ማለፉ ለሁሉም ሰላም የሆነው ለዚህ ይሆናል።

ከከተማችን ጥግ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን በ1859 ዓ.ም. ያስፈሰሱት እዚያ ነው። ፈረንጆቹን እዚሁ ተቀምጣችሁ ሥሩ አሏቸው፤ ወደዱም ጠሉም ሠሩ፤ መድፉም ተጎትቶ መቅደላ ወጣ። ሙዚቃ ላይ ስንደርስ ነገሩ ተገለበጠ። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ዘፈን በ1900 ዓ.ም. ግድም የተቀረጸው ጀርመን ነው። የአምኃ ሸክላዎች ሕንድና ቤይሩት ታተሙ። የማህሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» በ1967 ዓ.ም. ግድም አዲስ አበባ ላይ በካይፋ ሬከርድስ ወጣ፤ በ1978 ዓ.ም. አንድ የብራስልስ አሳታሚ ለአውሮፓ እንደገና አወጣው፤ ከዚያ ደግሞ ፓሪስ ላይ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሥር ወጣ። አንድ ዘፈን ሦስት ከተማ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተወለደ። ሰው ቢሆን ኖሮ ቀበሌ መታወቂያ ሊያወጣ ሲሄድ ይያዝ ነበር፤ ዘፈን ስለሆነ ግን ሦስት ልደት ይከበርለታል።

ኢትዮፒክስን ያዘጋጀው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባይደክም ብዙው ሥራ አቧራ ውስጥ በቀረ ነበር፤ ይህን መካድ ንፉግነት ነው። ያሳተመው የፓሪስ ድርጅት ቡዳ ሙዚክ ይባላል (ስሙን እኔ አላወጣሁለትም)። የሚገርመኝ የእኛው ነገር ነው። የገዛ ዘፈናችንን ለመስማት ፈረንጅ በፈረንጅ ፊደል «ብርቅ ነው» ብሎ እስኪጽፍልን እንጠብቃለን፤ ከጻፈልን በኋላ ደግሞ የእሱን ቅጂ በዶላር ገዝተን፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅለን፣ ፎቶ እንነሣለን። ማጫወቻው ያለው ቤት ከተገኘ ደግሞ በዓል ነው።

የዛሬዎቹ አሳታሚዎች እንኳ ዓመት መጠበቅ አቁመዋል፤ በዩቲዩብ ዕይታ ነው የሚያከብሩት። አንድ ሚሊዮን ሲሞላ ኬክ፣ አምስት ሚሊዮን ሲሞላ ትልቅ ኬክ። በዚህ አያያዝ ከሙዚቃው ይልቅ ዳቦ ቤቱ ኢዮቤልዩ ሳያከብር አይቀርም።

ስለዚህ ቀጣዩ ኢዮቤልዩ ደብረ ታቦር እንዲከበር ሐሳብ አቀርባለሁ። ቀኑ ነሐሴ 13 ይሁን፤ ቡሄ ስለሆነ ጭብጨባው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ለድምቀት በጀት መያዝ አያስፈልግም። እንግዶች ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ሲመጡ ዐቢይ ኮሚቴ፣ ንዑስ ኮሚቴና የአበል ኮሚቴ ይቀበላቸዋል። የድርጅቱን አርማ ቲሸርት ላይ ከማተም ጋቢ ላይ ማተም ይሻላል፤ በነሐሴ የጉናን ብርድ በቲሸርት የሚችል እንግዳ አላየሁም። ጥናታዊ ጽሑፍ ይቀርባል፤ ርእሱ «የአሳታሚው ሚና» ይሆናል፤ ለውይይት የተመደበው ሰዓት በምሳ ምክንያት ይሰረዛል። የክብር እንግዳው አቶ ሕዝብ ነው። ለእሱ የሚሆን ወንበር ግን ፕሮቶኮሉን ማስጨነቁ አይቀርም፤ ስፖንሰሩ ፊት ይቀመጥ? ከስፖንሰሩ ኋላ ይሁን? በመጨረሻ ቆሞ እንዲያጨበጭብ ይወሰናል፤ ለምዶታልና። ሲያልቅ የምስጋና ምስክር ወረቀት ከነፍሬሙ ይሰጠዋል። ፎቶ ከተነሣ በኋላ ፍሬሙን ይመልሳል።

አሁን ሽሙጡን ልተውና አንድ ነገር ልበል። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ያወጣውን ካሴት ያገኘ አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ስልኩን ፈልጎ ደወለለት፤ ተስማሙ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። የተደረገው ይኼው ነው፤ ስልክ ተደወለ። ኮሚቴም ኬክም አልነበረም።

2021 ዓ.ም. የአምኃ ሬከርድስ 60ኛ ዓመት ነው። የሚደግስ አይጠፋም። ደጋሾች ሆይ፣ ኬኩን ከማዘዛችሁ በፊት በሕይወት ላሉት ዘፋኞችና ሙዚቀኞች፣ ለሞቱትም ወራሾች ደውሉ፤ ከሽያጩ ምን ያህል እንደሚደርሳቸው በጽሑፍ አስታውቁ። «የሕዝብ» የሚለውን ትታችሁ ዜማው ከየትኛው ወረዳ፣ ከየትኛው አዝማሪ አፍ እንደመጣ ጠይቁና ሽፋኑ ላይ ጻፉ። ቀለም ከተቀቡት ሸክላዎች አንድ አንድ ቅጂ፣ ከማጫወቻው ጋር፣ ለደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ላኩ። ጋቢውን ራሳችን እናመጣለን።