ቆመው የሚሰበሰቡ

በፌብሩዋሪ 2001 (እ.ኤ.አ.) 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ስኖውበርድ በተባለ የበረዶ መንሸራተቻ መዝናኛ ተገናኝተው የአጃይልን (የቀልጣፋ ሶፍትዌር አሠራርን) ማኒፌስቶ አወጡ። ከወፍራም ሰነድ የሚሠራ ሶፍትዌር ይሻላል፤ ዕቅድን ሙጥኝ ከማለት ለለውጥ መዘጋጀት ይበልጣል አሉ። እሰየው! ዓመት ሙሉ ዕቅድ ሲጽፍ ከርሞ፣ ደንበኛው የማይፈልገውን ፕሮግራም በክብር ለሚያስረክብ ሙያ ትልቅ እፎይታ ነበር።

ምን ያደርጋል፣ አለቆች ሰሙ። ከሁሉም ነገር ደግሞ የወደዱት የአጃይል ቡድኖችን ዕለታዊ ስብሰባ ነው። ጠዋት ጠዋት 15 ደቂቃ ብቻ፣ ወሬ እንዳይረዝም ቆሞ። ሦስት ሩብ ሰዓት ሲሞላ እግር ይዝላል እንጂ ወሬው ወይ ፍንክች!

«ትናንት ምን ሠራህ?»

«ስብሰባ ላይ ነበርኩ።»

«ዛሬስ?»

«ትናንት ያልሠራሁትን።»

«ሥራህን ያስተጓጎለ ነገር አለ?»

ሁሉም ጫማውን ያያል።

ከዚያ ነጥቡ አለ። የሥራው ክብደት በሰዓት ሳይሆን በነጥብ ይገመታል። አለቃው «ካለፈው የሥራ ዙር የበለጠ ነጥብ አምጡ» ሲል ትናንት 3 ነጥብ የነበረችው ሥራ በማግስቱ 5 ሆና ትነሣለች። ሥራው ያው፣ ሠራተኛው ያው፤ በሪፖርቱ ላይ ግን ፍጥነት ጨምሯል፣ ይጨበጨባል። ከማኒፌስቶው ፈራሚዎች አንዱ ሮን ጄፍሪስ እንኳ ይህን ነጥብ የፈለሰፍኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ ከሆንኩም ይቅርታ ብሏል። አለቆቹ ይቅርታውን አልሰሙም፤ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ማኒፌስቶው 4 እሴቶችና 12 መርሆዎች አሉት። ስለ ነጥብም ሆነ ቆሞ ስለ መሰብሰብ አንዲት ቃል የለበትም።