የመልከ መልካሙ ጃክ አዋጅ ለከሰላና ለገዳሪፍ ሕዝብ

ስማ! ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የኩባንያችንን ጠላት ጆሮውን ይድፈነው፤ የኩባንያችንን ባለዕዳ ግን ጆሮውን ይክፈትለት!

ከታካ ተራራ ግርጌ እስከ ጋላባት ኬላ፣ ከሐምዳይት እስከ ሐያ ባቡር ጣቢያ ያለህ ሁሉ፤ ሀደንደዋ ሆይ፣ ቤኒ አምር ሆይ፣ ፈላታ ሆይ፣ ሐበሻ ሆይ፣ ከካርቱም ጦርነት ነፍስህን ብቻ ይዘህ የመጣህ ሆይ፤ ሰሊጥ አጫጁም፣ ቡና አፍዪዋም፣ ደላላውም፣ የደላላውም ደላላ፦

እኔ መልከ መልካሙ ጃክ፣ የሃይፐሪዮን ኩባንያ ፕሬዚዳንት፣ የፓንዶራ ፕላኔት አቅኚ፤ አለቃዬን አንቄ ወንበሩን የወረስሁ፣ የገዛ ልጄን አስሬ እንደ ባትሪ የተጠቀምሁባት፤ በሁለተኛው የቦርደርላንድስ ጨዋታ በ2012 በተጫዋቾች እጅ ተገድዬ በ2014 ደግሞ በሌላ ጨዋታ፣ በአንድ የመሥሪያ ቤቴ ሠራተኛ ጭንቅላት ውስጥ የተነሣሁ፤ ይህን አዋጅ አውጥቻለሁ። ፊቴ ላይ የምታዩት ጭንብል የገዛ ፊቴ ነው። ከሥሩ ያለውን ጠባሳ ማየት የሚሻ ቀጠሮ ያስይዝ።

(የአዋጅ ነጋሪው ማስታወሻ፦ ይህን በአማርኛ እንዳሰማ የተቀጠርሁት በቀን ሒሳብ ነው። ቃሉ የጌታዬ ነው፤ ድምፁና ነጋሪቱ የኔ ነው። በቅንፍ የገባውም የኔ ነው። ጌታዬ አማርኛ አያነቡም።)

ጋሽ የተባለው ወንዝ ከኤርትራ ደጋ ወርዶ፣ በላይኛው አገር መረብ ሲባል ኖሮ፣ በክረምት ብቻ ሞልቶ፣ ባሕር ሳይደርስ አሸዋ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋ ሥራ ፈት ወንዝ ሆኖ በመገኘቱ፤

የሚጠፋ ውሃም ባለቤት ያላስመዘገበው ንብረት በመሆኑ፤

የአገሩ ሰው ግመሉን እየነዳ ዝናብ ሲከተል ስለሚውልና አንድ ቦታ ስለማይቀመጥ፣ ቦታ የለውም ተብሎ ሊተረጎም የሚችል በመሆኑ፤ እኛም ስለተረጎምነው፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ይህ አዋጅ «የመልከ መልካሙ ጃክ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። በአዋጁ የተጻፈው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ኩባንያ ሲመጣ ዘመኑንም ይዞ ይመጣልና።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ።

«ሽፍታ» ማለት ኩባንያው ከመምጣቱ በፊት እዚያው የነበረ ሰው ነው። በፓንዶራም የሠራሁበት ትርጉም ይኸው ነበር፤ ከጨረቃ ጣቢያዬ ሆኜ በሬዲዮ እየሰደብሁ፣ ነዋሪውን ሁሉ በአንድ ቃል ሽፍታ ብዬ፣ ሥራዬን አቅልያለሁ። ቃሉ በእናንተም አገር ለረጅም ጊዜ ያገለገለ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። «ጀግና» ማለት እኔ ነኝ። ይህን በጨዋታው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስናገር ኖሬ ያመነኝ ስለሌለ ዛሬ በሕግ ተደንግጓል። «ልማት» ማለት ወደ ወደብ የሚሄድ ሐዲድ ነው። «ካሣ» ማለት ለኩባንያ የሚከፈል ገንዘብ ወይም መሬት ነው፤ ሌላ ትርጉም ያለው የመሰለው አንቀጽ 4ን ያንብብ።

አንቀጽ 3። ጋሽ ከዛሬ ጀምሮ የኩባንያው ተቀጣሪ ነው። ከሐምሌ በፊት መሙላት፣ ከመስከረም በኋላ መዘግየት፣ እንደ 2003ቱ ከተማ ውስጥ ገብቶ ቤት ማፍረስ ከደመወዙ ያስቀጣል። ደመወዝ የለውም።

አንቀጽ 4። ስለ ቀዳሚያችን።

ከሰላ ለባለጉልበት እንግዳ አይደለችም። ጣልያን በ1894 ገባባት፣ በ1897 ለእንግሊዝ አስረክቦ ወጣ፤ በ1940 ተመልሶ ገባ፣ በ1941 መባቻ እንደገና ወጣ። ሠራዊት እንዲህ ነው። ይገባል፣ ባንዲራ ይሰቅላል፣ ይወጣል፣ የሄደበትን ቀን ሕጻን እንኳ ያስታውሰዋል። ኩባንያ ግን የሚያስቀናኝ መውጫውን ማንም ስለማያየው ነው። እኔ ራሴ በፓንዶራ ከመሰማራቴ በፊት የከሰላን ታሪክ ባነብ ኖሮ ዛሬ ሌላ ሰው በሆንሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1920ዎቹ የእንግሊዝ መሸመኛዎች ረጅም ክር ያለው ጥጥ ተጠምተው ነበር። ጋሽ ደግሞ በየክረምቱ የሚያለብሰው ደለል አንድ ጊዜ በጎርፍ ከጠገበ፣ ሌላ ውሃ ሳይጠይቅ ጥጥ ያበቅላል። ስለዚህ የከሰላ ጥጥ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ገዚራ የተባለውን የጥጥ ሜዳ ይዞ ከነበረው ከሱዳን ተክል ሲንዲኬት ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። በ1924 ሐዲዱ ከሐያ ተነሥቶ ከሰላ ደረሰ። ሐያ ላይ ከፖርት ሱዳን መስመር ጋር ይጋጠማል። ማለትም ጥጡ ማሳው ላይ ሆኖ ባሕሩን ያየዋል፤ ሀደንደዋው ግን ያው ግመሉን ነው የሚያየው።

(ይህን ስል አንድ ሽማግሌ ሀደንደዋ ከገበያው ጥግ «ግመሌ ትሻለኛለች» አሉ። ለጌታዬ አልተረጎምሁም።)

ችግሩ የመጣው ከሰው ነው፤ ችግር ሁልጊዜ ከሰው ነው የሚመጣው። ኩባንያው የሚፈልገው ከዘር እስከ ለቀማ ማሳው ላይ ተቸክሎ የሚያርም፣ የሚኮተኩት ጭሰኛ ነበር። ለሀደንደዋ ደግሞ የጋሽ ሜዳ የአያቱ ግጦሽ፣ የድርቅ ቀን መጠጊያው፣ የማሽላ ማሳው ነው። ማሳው በዕጣ ተቆርሶ ለሌላም ሲሰጥ አጉረመረመ። የካርቱም ሹማምንትም ዑስማን ዲግናን ተከትሎ በእንግሊዝ ላይ የዘመተው ነገድ ሲያጉረመርም መስማት አልወደዱም፤ ያ ስም ገና አልተረሳቸውም ነበር። ብዙ ዓመት ሳይቆይ የኩባንያው ውል ፈረሰ። በ1928 የጋሽ ቦርድ የሚባል ተቋቁሞ ማሳውን ተረከበ፤ ሀደንደዋም በማሳው ቅድሚያ እንዲያገኝ ተደረገ።

አንባቢዬ እዚህ ጋ «ቦሱ ሞተ! ጌም ኦቨር!» ትላለህ። በኔ ጨዋታ እንደዚያ ነው። መጨረሻ ላይ ትመጣብኛለህ፣ ትተኩሳለህ፣ እወድቃለሁ፣ ሙዚቃው ይነሣል፣ የሠሪዎቹ ስም ይወርዳል፣ አንተም ተነሥተህ እራት ትበላለህ።

የከሰላ ጥጥ ኩባንያ ግን አልወደቀም። ለጋሽ ካሣ ተብሎ በገዚራ መሬት ተሰጠው። ሀደንደዋ ኩባንያውን አሸነፈው፤ ኩባንያው በሽንፈቱ ተሸለመ። ያ ሁሉ አቤቱታ፣ ያ ሁሉ ማጉረምረም የሠራው ነገር ቢኖር ኩባንያውን ጎርፉ ከማይታመን ወንዝ አንሥቶ የሰናር ግድብ ከ1925 ጀምሮ ቦይ ወደ ሞላለት ሜዳ ማዛወር ነው። እዚያም የቤተሰቡ ውል እስከ 1950 ጸንቶ ቆየ። ሐዲዱስ? ኩባንያው ጋሽን በለቀቀ ጊዜ ሐዲዱ አልቆመም፤ በ1928 ገዳሪፍ፣ በ1929 ሰናር ገባ። ሐዲዱ ኩባንያውን ተከትሎ የሄደ ይመስላል፤ ይመስላል እንጂ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ለአዋጅ ግን ማማሩ ይበቃል።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ በጭንብሌ ሥር አለቀስሁ። እኔ በተሸነፍሁ ቀን የተከፈለኝ ጥይት ነው። ለካ ጥፋቴ ክፉ መሆኔ ሳይሆን ፊት ያለኝ መሆኔ ነው! ሰው የሚተኩሰው ፊት ላይ ነው። የከሰላ ጥጥ ኩባንያን ፊት ማን አየ? ከመካከላችሁ የሊቀ መንበሩን ስም የሚያውቅ እጁን ያውጣ።

(ማንም አላወጣም። እኔም አላወጣሁም።)

አንቀጽ 5። ስለ ጀበና። ጀበና የሚለው ቃል ከጋላባት ወዲያም ወዲህም በአንድ ስም የሚጠራ ሆኖ ተገኝቷል። ሐበሻው የኔ ነው ይላል፤ የከሰላው ሰው ዝንጅብሉን ጨምሮ የኔ ነው ይላል። ሁለት ባለቤት ያለው ነገር ባለቤት የለውም። ስለዚህ የኩባንያው ነው። ከእንግዲህ አቦል በነጻ፣ ቶና በክፍያ፣ በረካ በዱቤ ይሆናል። ዱቤው ከነወለዱ ለልጅ ይተላለፋል።

አንቀጽ 6። ስለ ትንሣኤ። በፓንዶራ ተጫዋቹ በሞተ ቁጥር የሚያስነሣው ማሽን አለ። ማሽኑ የማን ነው? የኔ። ጠላቴ ይሞታል፤ የኔ ማሽን ያስነሣዋል፤ ከኪሱ ካለው ገንዘብ ከመቶ እየቆነጠርሁ አስከፍለዋለሁ፤ እሱም ተመልሶ ሊገድለኝ ይመጣል። በታሪክ እንዲህ ያለ ንግድ አልታየም ብዬ እኩራራ ነበር።

አሁን ሳጣራ ግን በዚህ አገር ዱሮ የታወቀ አሠራር ነው አሉኝ። ድንበር አቋራጩ መጀመሪያ ለሚያሻግረው ይከፍላል፤ ቀጥሎ ለሚያሳድረው ይከፍላል፤ በመንገድ ለሚይዘው ሰው ደግሞ ዘመዶቹ ወርቅ ሸጠው፣ በሬ ሸጠው፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለምነው ይከፍሉለታል። አንድ ሰው ለአንዲት ነፍሱ አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። እኔ ለዚህ ማሽን ያስፈልጋል ብዬ ነበር። ስልክ ብቻ በቅቷቸዋል። ስለዚህ ኩባንያው በዚህ ዘርፍ አይገባም፤ በውድድሩ አይችልም።

(እዚህ አንቀጽ ላይ ነጋሪት አልመታሁም።)

አንቀጽ 7። ስለ ጠመንጃ። በ2009 የወጣው የመጀመሪያው ጨዋታ 17,750,000 ዓይነት ጠመንጃ አለው ተብሎ ጊነስ መዝግቦታል። ጥቂት የማይባለው በኩባንያዎች ማርክ የተሠራ ነው፤ የኔም ማርክ አለበት። እኔን ልትገድል የመጣህበት ጠመንጃ የኔ ሊሆን ይችላል፤ ብትገድለኝ ትርፍ፣ ብትስት ጥይት ትገዛለህ። ከ2023 ሚያዝያ ወዲህ ካርቱም ስትነድድ ሕዝቧ ወደ ገዳሪፍና ወደ ከሰላ ሲጎርፍ ያያችሁ ስለሆነ በዚህ አንቀጽ ላይ ማብራሪያ አያሻም።

አንቀጽ 8። ስለ ስደተኛ። ኡም ራኩባ ሰፈር በ1980ዎቹ ሐበሻን አስጠልሎ፣ ባዶውን ቆይቶ፣ በ2020 እንደገና መከፈቱ ታውቋል። ኩባንያው ይህን «ቋሚ ደንበኛ» በሚል መዝግቦታል።

አንቀጽ 9። ስለ ጨዋታ ቤት። ወጣቱ በሰዓት እየከፈለ በፕሌስቴሽን ቤት እኔን መግደል ተፈቅዶለታል። እንዲያውም ይበረታታል። መብራት ከጠፋ ሰዓቱ ይቆጠራል። በሰዓቱ ውስጥ ሐውልቴን ማፍረስ፣ ጭንብሌን መስደብ፣ «ሌባ!» ብሎ መጮህ ይቻላል። ተጫዋቹ ከቤቱ ወጥቶ በመንገድ ላይ «የገዳሪፍን የሰሊጥ ዋጋ የሚቆርጠው ማን ነው?» ብሎ ከጠየቀ ግን ጨዋታ አይደለም፤ በአንቀጽ 2 መሠረት ሽፍትነት ነው።

(ሰሊጥ ያጨድሁት አራት ዓመት ነው። ዋጋውን ማን እንደሚቆርጠው ጠይቄ አላውቅም፤ ሚዛኑን የሚይዘውን ሰው ፊት ግን አውቀዋለሁ። እሱም እንደኔ ተቀጣሪ ነው። ምሳውን ከኔ ጋር ይበላ ነበር።)

አንቀጽ 10። የተሻሩ። ሀደንደዋ በ1928 አሸንፎ ነበር የሚለው ወሬ፣ ጋሽ የማንም አይደለም የሚለው ልማድ፣ የቡና ዱቤ ያለ ወለድ የሚሰጥበት ጉርብትና፣ ይህን አዋጅ እስከተቃረኑ ድረስ ተፈጻሚነት አይኖራቸውም።

አንቀጽ 11። ከቶቲል ምንጭ ውሃ የጠጣ ከሰላ ሳይመለስ አይቀርም የሚል የአገሩ አባባል አለ። ፍቅረኛሞች ለዚህ ብለው ወደ ታካ ተራራ ሥር ይሄዳሉ አሉ። ኩባንያው ትናንት ሌሊት ሦስት ቦቴ ቀድቷል። አዋጁ ነጋሪት ከተመታበት ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል።

መልከ መልካሙ ጃክ፣
የሃይፐሪዮን ፕሬዚዳንት፣
ከጭንብሉ ጀርባ።

(የቀን ሒሳቤን ስጠይቅ፣ ከነጋሪት ኪራይ ጋር ተቻችሏል አሉኝ። ነጋሪቱ የአባቴ ነው።)